ቪቫልዲና የሚንጫጩ ተማሪዎች

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» ስከፍትላቸው ወዲያው ይንጫጫሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሙሉውን አያሰሟቸው። 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እኔም አልቀመጥለትም። በየወቅቱ ከተሰየሙት አራት ሙዚቃዎች አንዱ ከሆነው ከ«ፀደይ» ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ይክፈቱ። በሙዚቃው ውስጥ እረኛ ተኝቷል፤ ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ትንሽ የምትበልጠው መሣሪያ፣ አንድ ድምፅ ደጋግማ ጣልቃ ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1725 በታተመው ኖታ ላይ «የሚጮኸው ውሻ» ተብሎ ተጽፎባታል። ይህን ሳይነግሯቸው «ማነው የሚጮኸው?» ብለው ይጠይቋቸው። ተማሪዎቹ መልሱን በወረቀት ይሳሉት።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ የብርዱን ወቅት ሙዚቃ ሁለተኛ ክፍል ያሰሟቸው። ቫዮሊኖቹ በጣት እየተነኩ ጠብታውን ያሰማሉ። አንዱ ቫዮሊን ግን እሳት ዳር ሆኖ ያንጎራጉራል። ጠብታውን በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ይከተሉት።

የሙቀቱን ወቅት ሙዚቃ መጨረሻ፣ ነጎድጓዱን ማለቴ ነው፣ ለዓርብ ከሰዓት ያቆዩት። ያን ቀን ቢንጫጩም ይለፏቸው።