አዲሷ ሚኒ ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለው?

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ገብታለች፤ አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ላፕቶፕ ልገዛላት መገናኛ ሄጄ ነበር። አንዱ ሱቅ 11 ኢንች የሆነች፣ ከነካርቶኗ አዲስ ሚኒ ላፕቶፕ አሳየኝ። ራሟ 4 ጊጋ፣ ማስቀመጫዋ 64 ጊጋ ነው። ካገለገለ ትልቅ ላፕቶፕም በዋጋ ታንሳለች። አዲስ ይሻላል ብዬ ልግዛት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ይህቺኛዋ ትቅርብዎ። ትንሽነቷን ጠልቼ አይደለም። እኔም በ2002 ዓ.ም. 10 ኢንች ሚኒ ነበረችኝ። ታክሲ ተጋፍቼ ስገባ እንኳ አትከብደኝም ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የጨረስኩት በእሷ ነው። ኤክሴልና ብሮውዘር አንድ ላይ ስከፍት ግን ቀጥ ትላለች። ራሟን ከ1 ወደ 2 ጊጋ ሳሳድግላት ትንሽ ተነፈሰች።

የዛሬዎቹ ርካሽ ሚኒዎች ይህን ዕድል እንኳ አይሰጡም። በአብዛኛዎቹ ራሙም ማስቀመጫውም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሲያንስ መጨመር የለም። ዊንዶውስ 11 ለመጫን በትንሹ የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማስቀመጫ ነው። ያዩዋት ላፕቶፕ ያላት ይህንኑ ብቻ ነው። ልጅዎ ደግሞ ኦፊስ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርና የመምህራን ፒዲኤፍ ትጭንበታለች። ቤት ውስጥ ደብዳቤ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ቢሆን ኖሮ ይግዙ እል ነበር።

ትንሽ ጨምረው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይፈልጉላት፤ እንደ ዴል ላቲቲውድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ያለ። 14 ኢንች፣ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማስቀመጫ) ይበቃታል። የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽን (ትውልዱ) 8ኛና ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚያ በታች ያሉትን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላቸውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ሻጩ «አይ7 ነው» ቢልዎትም ጄኔሬሽኑን ሳይጠይቁ እንዳይስማሙ።

ባትሪውን አደራ። ዶርም ውስጥ ሶኬት በወረፋ ነው፤ መብራትም ይሄዳል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ቻርጀሩን አስነቅለው ቪዲዮ ያስከፍቱና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከ100 ወደ 50 ከወረደ፣ የአዲስ ባትሪ ሂሳብ ከዋጋው ያስቀንሱ። ሻጩ ይህን አላደርግም ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ዋስትናውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ልጅዎ ባሕር ዳር ሆና ቢበላሽባት፣ መገናኛ የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት።