ከኮሮና ወዲህ ሥራና ሙያ በባሕር ዳር፦ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ

መምህር፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለረጅም ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ኮሮና ካለፈ በኋላ የከተማው አስተዳደርና ምክር ቤቱ ሰውን ሥራ ለማስያዝና ሙያ ለማስተማር ምን እያደረጉ እንደሆነ ብዙ ሰው በግል እየጠየቀኝ ስለሆነ፣ ዛሬ እዚሁ ሁሉም ባለበት ብንነጋገር ይሻላል ብያለሁ። ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና)፣ ኮሌጅና ድርጅት አብረው ስለሚሰጡት የትብብር ሥልጠና እንደልባችሁ ጠይቁ። የመሬትና የግብር ጥያቄ ግን ለእኔ አታምጡ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ቀበሌ መመዝገብ በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ደላላ ነው። እንዳትከፍሉ።

የሺምብጥ ልጅ፦ መምህር፣ ሥራ የለኝም። ምን ልማር?

መምህር፦ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ተነስቼ ምንም ልመክርህ አልችልም። ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል? እስካሁን ምን ሠርተህ ታውቃለህ? በቀን ስንት ሰዓት አለህ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ እኔ ቱሪስት ከባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም አመላልስ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ቆምኩ። ትንሽ መንቀሳቀስ ስንጀምር ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ሥልጠና አለ ተብዬ ስሄድ የተሰጠኝ የሥራ ፈጠራ የሚባል ትምህርት ነው። አዳራሽ ቁጭ ብለን አዳምጠን ወጣን። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን ነገር አለ?

መምህር፦ ይህ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 22 ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በአንድ ወር ውስጥ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ አስተናጋጁ፣ የሠርግ ምግብ የምታዘጋጀው ሴት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ያኔ ቶሎ የተጎዳው አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቀው ሰው ነው።

ከጀልባ ነጂዎች መካከል ግን ሞተሩን ራሳቸው ፈትተው የሚገጥሙ ነበሩ። እነሱ ወደ ፎገራና ደራ ወረዱ። እዚያ ገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲሙን በበጋ የሚያጠጣው በሞተር ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ማሳው ይደርቃል፤ ሽንኩርቱ ኮሮና እስኪያልፍ አይጠብቅም። ወረታ ላይ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያዎች አሉ፤ እነሱም ጥገና ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንተ ከባዶ አትነሳም። ሞተር ታውቃለህ፤ የጎደለህ ምርመራውን፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉንና የመለዋወጫ አመራረጡን በሥርዓት መማር ነው።

የሞተር ጥገና አጫጭር ሥልጠና የሚሰጥ ኮሌጅ ፈልግ። ከመመዝገብህ በፊት ግን ዎርክሾፑን አሳዩኝ በል። የሚሠራ ሞተር አለ? ለአንድ ሞተር ስንት ሠልጣኝ ነው የሚቆመው? መፍቻ ሳትይዝ የምትወስደው የምስክር ወረቀት እንጀራ አይሆንህም።

የፋሲሎዋ፦ ቱሪስቱን ግን ያጠፋው ኮሮና ነው ማለት ልክ አይደለም። ጦርነቱ ነው።

ቀበሌ 14፦ ኧረ ጣናን የወረረው አረም፣ እምቦጩም አለ። ሐይቁ ተበላሽቶ ማን ሊጎበኝ ይመጣል?

የፋሲሎዋ፦ እምቦጩ የበዛው እኮ በሰሜንና በምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ በደንቢያ፣ በፎገራ በኩል። ባሕር ዳር ደቡብ ላይ ናት። ቱሪስት ለእምቦጭ ብሎ አልቀረም።

ቀበሌ 14፦ ዓሣ አስጋሪውን ጠይቂው እስቲ። መረቡ ሲያዝበት ጀልባውም አይንቀሳቀስም። ገዳም ብቻ አይደለም የሐይቁ ኑሮ።

መምህር፦ ሁለታችሁም የምታወሩት እውነት አለው። ግን ለባለጀልባው የሚጠቅመው የቱ ቀድሞ እንደጎዳው ማወቅ አይደለም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጋራዥ ሠራተኛው፦ መምህር፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። መኪና እጠግናለሁ። ወረቀት ስለሌለኝ ግን ድርጅት አይቀጥረኝም። ኮሌጅ ካልገባሁ ሲኦሲ መፈተን እችላለሁ?

መምህር፦ ትችላለህ! ይህን ሁሉም ሰው ይስማ። የሙያ ብቃት ምዘና የተዘረጋው ሙያውን በልምድ ላገኘውም ጭምር ነው። የሚመዘነው የምትችለው ነገር ነው፤ የት እንደተማርከው አይደለም። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። እንዳንተ ያሉ ልጆች ተግባሩን በቀላሉ ያልፋሉ፤ የሚጥላቸው ጽሑፉ ነው። የዕቃዎቹን ስም በጋራዥ ቋንቋ ያውቁታል እንጂ ፈተናው ላይ በሚጻፍበት ስም አያውቁትም። የደረጃውን የሙያ መስፈርት ያዝና ከአንድ የኮሌጅ ተማሪ ጋር ቁጭ ብለህ አጥና። እሱ ስሙን ያስተምርሃል፤ አንተ ሥራውን ታስተምረዋለህ። በትልቁ ደረጃ አትጀምር፤ በሚመጥንህ ጀምር። ካላለፍክም ተመልሰህ ትመዘናለህ።

ከተማው ከኮሮና በኋላ በሙያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ እንዲህ ላለው ሰው ቅድሚያ ቢሰጥ እላለሁ። ልጁ ሙያውን አስቀድሞ ያውቃል። የቀረው ማስረጃው ብቻ ነው። አዲስ ሰው ከዜሮ ከማሠልጠን በጣም ይቀላል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። የምዘናውን ክፍያ ግን በደረሰኝ ክፈል። «ሳትፈተን አወጣልሃለሁ» የሚልህ ደላላ ነው፤ አትስማው።

የመሸንቲው፦ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የት ነው የሚመዘገበው? ስንት ይከፈላል?

መምህር፦ ሥራ ፈላጊነት ቀበሌ፣ በነፃ። ከላይ ተናግሬያለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የተጻፈውን አንብቡ።

የዘጌዋ፦ ጋሼ፣ ሦስት ሴቶች ነን። ዓሣ አድርቀን ለመሸጥ አስበናል። ብድር ብናገኝ?

መምህር፦ እህቴ፣ ብድሩን የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ ከ2014 ወዲህ ጸደይ ባንክ የሆነውን ጠይቂ። በቡድን ዋስትና መበደር አካባቢያችን ላይ አዲስ አይደለም። ወለዱንና ቅድመ ቁጠባውን እነሱ ይንገሩሽ። ከመበደራችሁ በፊት ግን ገዢ ያዙ። በጾም ሰሞን ማን ይገዛችኋል? ስንት ኪሎ? የትኛውን ነው የምታደርቁት፣ ቆሮሶ ወይስ አምባዛ? አምባዛ ቅባት ስላለው አደራረቁ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ ነጭ ዓሣ የሚባለው ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ይወጣል። ያን ጊዜ ከወንዝ አፍ ከሚያጠምድ ሰው አትግዙ፤ የነገውን ዓሣ ነው የሚጨርሰው። ገዢ ሳይኖር የተወሰደ ብድር ዕዳ ብቻ ነው።

ቀበሌ 14፦ ከመንግሥት የሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ፣ ሼዱ እንዴት ይገኛል?

መምህር፦ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ፣ በክፍለ ከተማ። ሼድ የሚሰጠው ለአምስት ዓመት ነው። ከዚያ ለቀጣይ ይለቀቃል። የዘላለም ቤት አድርጎ የሚያስብ አይግባበት።

ተመራቂው፦ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤት ነው ያለሁት። አሁን ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ደረጃ ሦስት ብማር ሰው ምን ይለኛል?

መምህር፦ ሰው የሚለውን ተወውና አንተ ምን ትበላለህ? ዲግሪህ የትም አይሄድም። የተማርከው ሒሳብና ቋንቋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብትሆን የሥራ ዋጋ አውጥተህ፣ ጨረታ አንብበህ እንድትሠራ ያግዝሃል። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ጨረታ የሚያጣው ሰነድ መሙላት ስለማይችል ነው። አንተ እሱን ትችላለህ። እናትህና አባትህ ቅር ቢላቸው የመጀመሪያ ደሞዝህን ይዘህላቸው ሂድ።

የሺምብጥ ልጅ፦ ተመለስኩ መምህር። አሥረኛ ክፍል፣ ለአንድ ዓመት የግንባታ የቀን ሥራ ሠርቻለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነኝ።

መምህር፦ አየህ፣ አሁን መነጋገር ይቻላል። አርማታ ስታቦካ ከኖርክ ብረት ማሰርና ፎርምወርክ (አርማታው የሚፈስበትን ቅርጽ መሥራት) ቅርብህ ነው። በትብብር ሥልጠና የሚያስገባህን ፈልግ። እንደ አሠራሩ ከሥልጠናው 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ነው። ድርጅት ገብተህ ሻይ እንድታመላልስ ብቻ ካደረጉህ ለአሠልጣኝህ ተናገር። በየሳምንቱ የሠራኸውን በደብተር መዝግብና አስፈርም።

የፋሲሎዋ፦ አንድ ከበድ ያለ ልጠይቅ። በየዓመቱ «ለዚህን ያህል ሺህ ሰው ሥራ ተፈጠረ» ይባላል። ግን ሰፈራችን ልጁ ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ምክር ቤቱ እውነት ምን ማድረግ ይችላል?

መምህር፦ ምክር ቤቱ ብዙ ይችላል፤ በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁን ከዚያ በፊት ለተመራጫችሁ አድርሱ።

ሪፖርቱ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ ይቆጥራል። እኔ የምለው ሌላ ቁጥር ይጨመር ነው፦ ሠልጥኖ ከወጣው ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው ሙያ እየሠራ ያለው ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ስልክ መደወል ይበቃል። ቁጥሩ ከታወቀ የትኛው ሥልጠና ሰውን በእግሩ እንደሚያቆምና የትኛው የአዳራሽ ወሬ እንደሆነ በአንድ ዓመት ይለያል።

ሁለተኛው የከተማው የራሱ ሥራ ነው። ዓባይ ላይ 380 ሜትር ድልድይ ተገንብቶ ግንቦት 2016 ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ኮራንበት። እንዲህ ያለ ግንባታ ሲመጣ ስንት የከተማችን ልጅ ብየዳና አርማታ ተምሮበት ይውጣ የሚለው በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ከተማው ለሚያሠራው መንገድም፣ ለሚያሰፋው የደንብ ልብስም፣ ለሚያሠራው የትምህርት ቤት ወንበርም እንዲሁ። ሥራ ተቋራጩ ተለማማጅ ካልተቀበለ ጨረታው ላይ ነጥብ ይቀነስበት። ለዚህ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚወጣው ገንዘብ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ነው።

ቀበሌ 14፦ ተቋራጩ ታዲያ ዋጋ ይጨምራላ! ተለማማጅ ያበላሻል፣ ያዘገያል።

የፋሲሎዋ፦ ድሮ አናጢውም ግንበኛውም ከጌታው ሥር ሆኖ አይደል የተማረው? ያኔ ማን ዋጋ ጨመረ?

ጋራዥ ሠራተኛው፦ እኔ የምመሰክረው ነው። መጀመሪያ ላይ አበላሽቻለሁ። አሁን ጋራዡን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ።

መምህር፦ ቀበሌ 14፣ ስጋትህ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ተለማማጁ ከኮሌጅ መሠረታዊውን ይዞ፣ የደህንነት ትምህርት ወስዶ መሄድ ያለበት። ለአንድ ነባር ሠራተኛ ሁለት ተለማማጅ ቢመደብ አያዘገይም። አሥር ልጅ ባንድ ቀን ከላክህበት ግን ልክ ነህ፣ ይጨነቃል።

የመሸንቲው፦ ዓረብ አገር ለመሄድ ሥልጠና...

መምህር፦ የእኔ ዘርፍ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ብቻ ሂዱ፣ ለደላላ አትክፈሉ።

የዘጌዋ፦ ጋሼ፣ ልጅ ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ ሥልጠና መዋል አትችልም። የማታ ወይም የቅዳሜ ይኖራል?

መምህር፦ ጥሩ አነሳሽው። አንዳንድ ኮሌጆች የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር አላቸው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ለመደበኛ ደረጃዎች ነው እንጂ ለአጫጭር ሥልጠና አይከፍቱም። ሰው ከሞላ ይከፍታሉ። እናንተ ሦስት ናችሁ፤ ከዘጌና ከአካባቢው እንደናንተ የሚፈልጉ ሌሎች ሴቶችን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ለኮሌጁ በማመልከቻ አስገቡ። ቀንና ሰዓቱን ራሳችሁ ጻፉበት። ልጅ የሚያቆይ ሰው ከመካከላችሁ በየተራ መድቡና እሱንም ማመልከቻው ላይ አስፍሩት። ግልባጩን ለክፍለ ከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ የተቀበላችሁን ሰው አስፈርሙ።