«የእጅ ታጠቡ ዘበኛ» ልሁን ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ሦስት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራሽ ነርስ ነሽ። አለቆችሽ ወደ ኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ክፍል ሊያዛውሩሽ አስበው «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ብለውሻል። ጓደኞችሽ «የእጅ ታጠቡ ዘበኛ ልትሆኚ ነው!» እያሉ ይስቁብሻል፤ አንቺም ከሕመምተኛ አጠገብ መራቁ ከብዶሻል።

ጓደኞችሽ አልዋሹም። ክፍል ለክፍል እየዞሩ ማን እጁን ታጠበ፣ ማን ረሳ ብሎ መመዝገብ የሥራው አካል ነው፤ ያሰለቻልም። ግን ያዩት ከውጭ የሚታየውን ብቻ ነው።

አስቀድሜ ከሕመምተኛ መራቁን ላንሳ፤ ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕመምተኞች ባለጸጋ በሆኑ አገሮች 7ቱ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ 15ቱ እዚያው ሕክምና ላይ ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ከተያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ስለዚህ ሥራው ከሕመምተኛ አያርቅሽም፤ የሚያርቅሽ ከምስጋናው ነው። ሊይዘው የነበረ ኢንፌክሽን ሳይዘው የወጣ ሰው ምን እንደተረፈለት አያውቅም፤ አንቺም እሱ ማን እንደሆነ አታውቂም። ለድካምሽ ስንቅ የሚሆንሽ የሕመምተኛ ምርቃት ከሆነ፣ ብዙ ነርሶች እንደዚያ ናቸውና ነውር የለውም፤ ግን እዚህ ይርብሻል።

የቀረው ሥራ ምርመራ ነው። ጠዋት ላብራቶሪ ገብተሽ ከማን ደም፣ ከማን ሽንት፣ ከማን ቁስል ምን ጀርም እንደበቀለ ታያለሽ። በአንድ ሳምንት ሦስት አልጋ ላይ ያው ጀርም ከታየ፣ በየት በኩል እንደተሻገረ መፈለግ ያንቺ ድርሻ ነው፦ በጋራ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው? የአንድ ሠራተኛ እጅ? የውኃ መውረጃው? ከዚያ ደግሞ ቆጠራ አለ። አንዱ ክፍል በወር 3፣ ሌላው 4 በሽንት ቱቦ ሳቢያ የመጣ ኢንፌክሽን ቢመዘግቡ የትኛው ይሻላል? ሕመምተኞቹ ቱቦ ገብቶላቸው የቆዩባቸውን ቀናት ሳትደምሪ መልስ የለሽም። የመጀመሪያው ክፍል ድምር 600 ቀን፣ የሁለተኛው 2000 ቢሆን፣ በ1000 የቱቦ ቀን ሲሰላ አንዱ 5፣ ሌላው 2 ይሆናል። 4 የመዘገበው ነው የተሻለው። ይህን ስታነቢ «ወይ ጉድ» ብለሽ ፈገግ ካልሽ ሥራው ያንቺ ነው። ዓይንሽ ቁጥሩን ዘሎ ካለፈ ግን ልብ በዪ።

እጅ መታጠቡም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በአልኮል 20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና ሳሙና ደግሞ 40 እስከ 60 ሰከንድ እንደሚወስድ ታውቂያለሽ። ሠራተኛው ሕመምተኛውን ከነካ በኋላ ይታጠባል፤ ራሱን ይጠብቃልና። ከመንካቱ በፊት ያለውን ነው የሚረሳው፤ የሕመምተኛው ጥበቃ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። ደግሞም ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው እንቅልፍ ላይ ያለ ቅርጽ) ስለሚሠራ አልኮል አይገድለውም፤ በሳሙናና በውኃ አሽቶ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። አንቺ የምትጠየቂው «ታጠቡ» ማለት ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደማይታጠቡ ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ስንፍና ሳይሆን የአልኮሉ ጠርሙስ በር ላይ ተሰቅሎ አልጋው አሥር እርምጃ መራቁ ነው። ጠርሙሱን አልጋው አጠገብ ማኖር ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ሥልጣን። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች ከአስከሬን ምርመራ ወደ ወላዶች ከመምጣታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አደረገ፤ ከ18 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረው የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ቢሆንም ሐሳቡን በመጽሐፍ ያወጣው በ1861 ነው፤ ያልተቀበሉትን ደግሞ በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳይ እያለ ይዘልፍ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም በሕይወት ሳለ ብዙዎቹን የሙያ ባልደረቦቹን ማሳመን አልቻለም። ከዚያ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ጥናት አለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ (ወደ ልብ በሚያመራ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) ሲገባ የሚሞላ አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር ነበር፤ ደረጃ ከተዘለለ ነርሷ ሐኪሙን ማስቆም ትችል ነበር፤ አስተዳደሩም ከጀርባዋ ቆሟል። በ18 ወር ውስጥ ከቱቦው የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀነሰ። ዝርዝሩን ማንም ይጽፈዋል፤ «ይቁም» ብላ ቀና የምትል ነርስ እንድትኖር ማድረጉ ነው ከባዱ።

ስለዚህ «እሺ» ከማለትሽ በፊት ጠይቂ። ተጠሪነቴ ለማን ነው? በቀጥታ ለሕክምና ኃላፊው ካልሆነ ሪፖርትሽ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የላብራቶሪ ውጤት በየቀኑ ይደርሰኛል? ሠራተኛ ሲጎድል ወደ ዋርድ እጎተታለሁ? ይህን የመጨረሻውን አትዝለዪ። ያማከርኳት አንዲት ነርስ ስምንት ወር በሥራው ላይ ቆይታ ግማሹን በሌሊት ተረኛነት አሳለፈችው፤ በኋላ «ወረርሽኙን ለምን ቀድመሽ አላየሽም?» ተብላ ተጠየቀች። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ለ250 አልጋ አንድ የሠለጠነ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ይላል፤ ይህን ቁጥር ይዘሽ ግቢ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ልምድሽን ደግሞ አታሳንሺው። ጓንት ለብሶ ቱቦ ማስገባት ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሰው ስትናገር ሐኪም ይሰማል። ብቻ በሕመምተኛ ፊት ማንንም አታርሚ፤ ኮሪደር ላይ ለብቻው ንገሪው። ከተቻለ ሳትወስኚ በፊት አሁን በቦታው ላይ ያለውን ባለሙያ ሁለት ቀን ተከትለሽ ዋዪ፤ አንዱን ቀን ላብራቶሪ፣ አንዱን ቀን ዋርድ። ተጠሪነቱና የተረኛነቱ ነገር ካልተስተካከለ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አትልቀቂ፤ ከተስተካከለ ግን እኔ ብሆን እቀበለው ነበር።