«ፒኔን ለማንም አልሰጠሁም» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሱቅ ልዘጋ ስል ነው። ከቴሌግራም አንድ አፕ አውርደሽ ጫንሽ። ከዚያ ስልክሽ ማንም ሳይነካው ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከባንክ 9 ሺህ ብር ወጣ። አፑን ላጥፋ ስትዪ ሴቲንጉ ተመልሶ ይዘጋብሻል። «ፒኔን ለማንም አልሰጠሁም፣ ምን ይሻለኛል? ስልኩን ልጣለው?» ነው ያልሽው።

አትጣዪው። ግን ከአፑ ጋር የጀመርሽውንም ትግል ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ዝጊ። ሲሙን አውጥተሽ ሌላ ንጹሕ ስልክ ውስጥ ክተቺ። በዚያ ስልክ ባንክሽ ደውለሽ ሞባይል ባንኪንጉን አሳግጂ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው፣ ቴሌብርም ካለሽ 127። ሌላ ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ከኤቲኤም ካርድሽ ጀርባ ፈልጊ። ፌስቡክ ላይ እንዳትፈልጊ፣ እዚያ «ባንኩ ነን» የሚሉ ሌቦች ሞልተዋል። ይሄን ጨርሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

እኔም የተበላሁት በዚሁ መንገድ ነው። ኮዬ ፈጬ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፣ የቧንቧ ዕቃና ቀለም እሸጣለሁ። የእኛ የነጋዴዎች ጣጣ የውሸት ደረሰኝ ነው። ደንበኛው «ትራንስፈር አድርጌያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ያሳይሃል፣ ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ይሄዳል፣ ማታ ሂሳብህን ስታይ ብሩ የለም። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ታዲያ አንድ የነጋዴዎች ቻናል ላይ «ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚለይ አፕ» ሲለጠፍ እንዴት አልጭን? ሌባ ፈርቼ ሌባ ቤቴ አስገባሁ።

አፑ ከፕሌይ ስቶር አልነበረም፣ ኤፒኬ ፋይል ነው፤ ማለትም ከስቶር ውጭ በቀጥታ የሚጫን የአፕ ፋይል። ከተጫነ በኋላ «ለመሥራት አክሰሲቢሊቲን ያብሩ» አለኝ። ስልኬ እንኳ ከልክሎኝ ነበር። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ እንዲህ ከውጭ ለመጣ አፕ ይህን ፈቃድ በቀላሉ አይሰጥም። አፑን የለጠፈው ሰውዬ ግን ለዚህም ቪዲዮ አዘጋጅቷል፤ ሦስቷን ነጥብ ንካ፣ ገደቡን አንሳ፣ አሁን ፍቀድ። አንድ በአንድ ታዘዝኩ። ስልኬ አይሆንም እያለኝ እኔ ለማላውቀው ሰው ስከራከርለት!

የአንቺም ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው። አክሰሲቢሊቲ የተሠራው ማየት ወይም ስክሪን መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነው። አፑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብላቸዋል፣ በእነሱ ፋንታ ስክሪኑን ይነካል። ይህን ፈቃድ ሌባ ሲያገኘው ግን አንቺ የምታዪውን ያያል፣ አንቺ የምትነኪውን ይነካል። ፒንሽን አልሰጠሽም፣ እውነት ነው። የሰጠሽው ዓይንና ጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ይጠብቃል። የባንክ አፕሽን ስትከፍቺ ከላዩ ቁርጥ እሱን የሚመስል ገጽ ይደርብበታል። አንቺ ፒን ታስገቢያለሽ፣ «ተሳስቷል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይልሻል። ሁለተኛ ስታስገቢ እውነተኛው አፕ ይከፈታል፣ ምንም አትጠረጥሪም። የመጀመሪያው ግን ለሌባው ሄዷል። እኔ ጋ ደግሞ የጣት አሻራዬ ድንገት እምቢ ብሎ ፒን ሲጠይቀኝ ጣቴ ቀለም ነክቶት መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታወቀው ካሜሌዮን የተባለ ትሮጃን (ደህና አፕ መስሎ የሚገባ የሌባ ፕሮግራም) ልክ ይህንኑ እንደሚያደርግ ያነበብኩት በኋላ ነው። አሻራውን የሚያሰናክለው ፒኑን እንድንጽፍለት ነው።

በኤስኤምኤስ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድስ? የመልእክት ፈቃድም ስለሰጠነው እኛ ሳናየው ያነበዋል። ብሩን የሚልከውም ከራስሽ ስልክ ነው። ባንኩ የሚያየው የለመደውን ስልክ፣ የለመደውን ሲም፣ ትክክለኛውን ፒን ነው። ቅርንጫፍ ሄጄ ስጮህ «እርስዎ ነዎት የላኩት» ያሉኝ ለዚህ ነበር። ያኔ ግን ልጣላቸው ምንም አልቀረኝ።

እኔ ጋ ሦስት ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የስልኩ መብራት ቀሰቀሰኝ። ስክሪኑ ጠቁሮ «ሲስተም አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አይንኩ» ይላል። አልነካሁም፣ ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያ ጥቁር መጋረጃ ሥር 23 ሺህ ብር እየሄደ ነበር።

ጠዋት የሠራሁትን ስህተት አንቺ አትድገሚው። ደንግጬ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አደረግኩት፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሣሁት። አፑ ጠፋ፣ ማስረጃዬም አብሮ ጠፋ። ፖሊስ ጣቢያ «የአፑ ስም ማን ነው? ማን ላከልህ?» ሲሉኝ የማሳየው ነገር የለኝም። ስለዚህ ምንም ሳታጠፊ የአፑን ስም፣ የተላከልሽን የቴሌግራም መልእክት፣ የዝውውሩን ቁጥር በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺ። በዚያው ቀን ባንክና ፖሊስ ጋ ሂጂ። የተላከበት አካውንት ላይ የቀረ ብር ካለ ማገድ የሚቻለው ወጪ ሳይደረግ ነው። እኔ ጋ ሲደረስ 4 ሺህ ብቻ ነበር የቀረው።

አሁን ማጥፋቱ። ሴቲንጉ የሚዘጋብሽ አፑ ራሱ «ተመለስ» የሚለውን እየተጫነ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ሴፍ ሞድ ነው። የማጥፊያውን ቁልፍ ይዘሽ ምርጫው ሲመጣ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ጫን ብለሽ ያዢው፣ በብዙ ስልኮች ሴፍ ሞድ ይጠይቅሻል። እዚያ ሲገባ አንቺ የጫንሻቸው አፖች አይነሡም፣ ሌባውም ተኝቷል ማለት ነው። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ገብተሽ ፈቃዱን ንጠቂው። «ዲቫይስ አድሚን» የሚለው (ለአፕ ስልኩን የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥበት ቦታ) ውስጥም ካለ እዚያም አንሺው፣ አለዚያ አልጠፋም ይላል። ከዚያ ከአፖች ዝርዝር አጥፊው። ምልክቱ ከስክሪን ተሰውሮ ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩን እስከ ታች እዪ።

በዚህ ብቻ ግን ባንክ አትክፈቺበት። ፎቶና ስልክ ቁጥሮችሽን አስቀምጪና ሪሴት አድርጊው፣ ኤፒኬ ፋይል ግን መልሰሽ እንዳትጭኚ። ደግሞ ከሪሴት በፊት የጂሜይልሽን ፓስወርድ ማወቅሽን አረጋግጪ! እዚህ ሰፈር የግማሹን ሰው ጂሜይል የከፈተው ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። በሪከቨሪ (ስልኩ ሳይከፈት በጎን ቁልፎቹ በሚገባበት ገጽ) በኩል ሪሴት ከተደረገ ስልኩ ሲነሣ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል፣ ካላወቅሽው እንደ ጡብ ይዘሽው ትቀሪያለሽ። የባለቤቴ እህት በዚህ ሁለት ሳምንት ተንከራታለች።

ፒንና ፓስወርድ የምትቀይሪው በንጹሕ ስልክ ወይም ቅርንጫፍ ሄደሽ ነው። በታመመው ስልክ ከቀየርሽ አዲሱንም ነገርሽው ማለት ነው። ቴሌግራም ላይም «ዲቫይስስ» ገብተሽ ሌሎቹን ሁሉ አስወጪ፣ አለዚያ በአንቺ ስም ለዘመድሽ ያንኑ አፕ ይልካል።

በቢሮ ኮምፒውተር ባንክ የምትጠቀሙም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው ዜውስ የተባለው ትሮጃን በዊንዶውስ ላይ የሚጻፈውን ይቀዳ፣ የባንኩ ገጽ ውስጥም ተጨማሪ ጥያቄ ይሰገስግ ነበር። የባንክ ገጽ ጠይቆሽ የማያውቀውን ከጠየቀሽ ዝጊና ደውዪ።

እህቴ፣ ሴፍ ሞዱ እምቢ ካለሽ ነገ ከሰዓት ሱቅ ነኝ፣ ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናየዋለን። ሲሙን ግን እስከ ነገ አታቆዪው፣ አሁን አውጪው።