ወረቀቱ ተቀርቅሮ አልወጣ ሲል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ግድግዳው ላይ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሳጥን አለ። ወረቀቱን ስንስበው ጫፉ ብቻ ተቀዶ እጃችን ላይ ይቀራል። ጣት አስገብተን ስንጎረጉር ደግሞ አንድ እፍኝ ዝርግፍ ይላል። ሳጥኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እንደነገሩን ምልክት ከሆነ ሳጥኑ ደህና ነው፤ ከልኩ በላይ ስለታጨቀ ነው። ይህ ዓይነቱ ሳጥን ውስጡ ሞተር የለውም፤ የሚሠራው በወረቀቱ አጣጠፍ ነው። አንዱ ወረቀት በሌላው እጥፋት ውስጥ ስለገባ፣ የታችኛው ሲወጣ የሚቀጥለውን ጫፍ ይዞት ይወርዳል። ሲታጨቅ ግን ወረቀቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው አልንሸራተት ይላሉ። የረጠበ ወረቀት ደግሞ ጉልበት የለውም፤ በእርጥብ እጅ አንድ ጥግ ብቻ ይዘው ሲስቡት ሳይወጣ ይቀደዳል።

ክዳኑን በቁልፉ ይክፈቱና ያለውን ወረቀት በሙሉ ያውጡ። የተጨማደደውንና የረጠበውን ይጣሉ። ከዚያ የመውጫውን ቀዳዳ ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥጉ ላይ እንደ ጥጥ የተድበለበለ ቁራጭ ተወሽቆ ይገኛል። በወረንጦ ያውጡት። በቢላ ወይም በካቻቢቴ አይሞክሩ፤ የተቧጨረ ጠርዝ ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ ይቀዳል።

ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው አዲሱን እሽግ ሲያስገቡ የወረቀት ማሰሪያውን ፈጽመው ያውልቁ። ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ማሰሪያው ካለ አንድም ወረቀት አይወጣም። እሽጉን እንደ መጽሐፍ ገጽ በጣት አላቅቁት፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ነፃ ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፣ ጫፉንም በቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አውጥተው ይተዉት። ከላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ቶሎ ቶሎ ላለመሙላት ሲባል መጠቅጠቁ ነው ዋናው ጥፋት፤ ለሚሞላው ሠራተኛ ይህን ማስረዳት ከጥገናው ይበልጣል።

ክፍተት ትተውም ከተቀረቀረ የወረቀቱን ስፋት ከሳጥኑ ጋር ያስተያዩ። ጠባብ ወረቀት ሰፊ ሳጥን ውስጥ ተጣምሞ ቀዳዳውን ይዘጋል። እርስ በርሱ ሳይጠላለፍ የታጠፈ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን ይዞ አይወርድም። ሳጥኑ ላይም «በሁለት እጅ ይሳቡ» ብለው ይለጥፉ፤ ጉልበቱ ለሁለት ሲከፈል ጫፉ አይቀደድም።

ጥያቄ፦ የእኛ እጅ ሲጠጉት በራሱ የሚያወጣው ነው። ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፣ ወረቀት ግን አይመጣም።

መልስ፦ ድምፅ ካለ ሴንሰሩ እጅዎን አይቷል። ችግሩ ያለው ወረቀቱን የሚገፋው የላስቲክ ሮለር ጋ ነው። አስቀድመው ባትሪ ድንጋዮቹን ያውጡ፤ ጣትዎ ውስጥ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሳ። መቁረጫው ጥርሳም ስለሆነ ይጠንቀቁት። የተወሸቀውን ቁራጭ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሳቡት፤ ወደ ኋላ ከጎተቱት ይበጣጠሳል። ላስቲኩ የወረቀት ብናኝ ከለበሰ ይንሸራተታል፤ አልኮል በነካው ጨርቅ ያብሱትና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ጥቅሉ ከውስጥ ክዳኑ ላይ በተሳለው አቅጣጫ መግባቱን፣ ሁለቱም ጫፎቹ ማንጠልጠያው ላይ መቀመጣቸውን ይዩ። የሞተሩ ድምፅ የዛለ ከሆነ ድንጋዮቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ።