ሁለት ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ ምን ይጫን?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ መምህር እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ኮር ቱ ዱኦ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴል ላፕቶፕ አለኝ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት በጣም ይንቀራፈፋል። የተማሪ ውጤት እሠራበታለሁ፣ ፈተና በአማርኛ እጽፍበታለሁ፣ አልፎ አልፎ ዩቲዩብ አያለሁ። የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይቀለዋል?»

ወንድሜ፣ ሉቡንቱ ጫንበት፤ ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) የሚለውን ውሰድ፤ 3 ዓመት ድጋፍ አለው። ዊንዶውስ 10 ገና ሲነሳ አብዛኛውን ራምህን ይይዛል። ክሮም ስትከፍት ራሙ ይሞላና ኮምፒውተሩ ሀርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ሀርድ ዲስክ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ስታክ የሚያደርግብህ ለዚህ ነው። ማይክሮሶፍትም የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። «ላይት ዊንዶውስ» ብለው ተቆራርጦ የተሠራ ነገር ቢያቀርቡልህ አትቀበል። ማን ምን እንደቀነሰበትና ምን እንደጨመረበት አይታወቅም።

ኮር ቱ ዱኦ 64 ቢት ስለሆነ ሉቡንቱ ይሠራበታል። 32 ቢት ብቻ የሆነ ማሽን ያላችሁ ግን አንቲኤክስ የሚባለውን ሌላ ቀላል ሊኑክስ ሞክሩ።

ለመጫን አትቸኩል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ሉቡንቱን 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጅና ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12 ተጫን። ከዚያ ሳትጭነው ከፍላሹ ላይ አስነሳው። ድምፁን፣ ስክሪኑን፣ በተለይ ዋይፋዩን እይ። የቆዩ ዴሎች ላይ ያለው የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝተህ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋራና ድራይቨሩን አውርድ።

የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ይህን አስቀድመህ እወቅ። በምትኩ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ የቋንቋ መጻፊያ ላይ አማርኛን ጨምር፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሰላም» ብለህ ስትጽፍ በግዕዝ ያወጣልሃል። በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) የጻፍካቸው ፈተናዎች በወርድ ምትክ በሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ይከፈታሉ፤ የሰንጠረዦቹ አቀማመጥ ትንሽ ሊዛባ ስለሚችል ከማተምህ በፊት ተመልከተው። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የምትሠራ ብትሆን ግን ዊንዶውስን አትልቀቅ እልህ ነበር።

ሲስተሙ ቢቀልም ድረ ገጾቹ አይቀሉም። ሁለት ሦስት ታብ ይበቃሃል፤ ዩቲዩብንም በ360 ወይም በ480 ጥራት እይ።

አቅምህ ከፈቀደ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (በጣም ፈጣን በሆነ የፋይል ማከማቻ) ቀይረው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው በቀድሞው ቦታ ልክ ይገባል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም። ራም መጨመርም ጥሩ ነው፤ ግን ዲዲአር 2 ይሁን ዲዲአር 3 ሳታረጋግጥ አትግዛ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

የድሬ ሙቀትና አቧራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፋኑ በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ የትኛውም ሲስተም ይንቀራፈፋል። ፋኑን አስጠርግ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስትም (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይር።

ሲጫን «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫ ያለህን ሁሉ ይደመስሳል። ውጤትና ፈተናዎቹን መጀመሪያ ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጥ፤ ፍላሹንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጥ።