አር ቪው ተገዛ፤ የት ይደር?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አር ቪ፣ አልጋና ምድጃ ስላለው የጉዞ መኪና ነው። አበሻው ሁሉ ጎማ ያለው ቤት ያማረው መሰለኝ።

ከስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ባልና ሚስት ሁለት ገጽ ጽፈዋል። አንዱ ገጽ በሙሉ ስለ መኪናው ውበት ነው። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው፣ 28 ጫማ የሚረዝም ያገለገለ፣ ክላስ ሲ የሚባለውን ዓይነት አር ቪ ገዙ፤ ድራይቭዌያቸው ላይ አቆሙት። በአራተኛው ቀን የኤች ኦ ኤው፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ ተለጥፎ አገኙ። መንገድ ዳር ብናወጣውስ? ይላሉ።

ላይሆን ይችላል። ስፕሪንግፊልድ ባለበት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ፓርኪንግ ዲስትሪክት የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። እዚያ አር ቪም ሆነ ጀልባ የጫነ ተጎታች የሕዝብ መንገድ ላይ ማሳደር ክልክል ነው። ለጉዞ ዕቃ መጫንና ማራገፍ ከሆነ ብቻ እስከ 48 ሰዓት ይፈቀዳል። ሰፈራችሁ ይካተት እንደሆነ ካውንቲውን ጠይቁ። ከኤች ኦ ኤው ጋር አትሟገቱ። ክልከላው ቤቱን ስትገዙ በተሰጣችሁ ወፍራም ጥራዝ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እኔም የራሴን አላነበብኩትም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። አባቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በረቱን ይጠርግ፣ የላላውን ችካል ይመታ ነበር። እኛ ደግሞ ቤት የሚያክል መኪና ነድተን ከመጣን በኋላ ነው «የት ይደር?» የምንለው። የማቆሚያው ኪራይ ከወር ክፍያው ጋር አብሮ መደመር ነበረበት፤ ቀብድ ሳይከፈል።

ለማንኛውም ስቶሬጅ ፈልጉ። ሜዳ ላይ የሚቆምበት አለ፣ ጣሪያ ብቻ ያለው አለ፣ ተዘግቶ የሚቆለፍም አለ። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይወጣል። ከከተማ ራቅ ሲሉ ይቀንሳል። በስልክ አትዋዋሉ፤ ሜትር ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩ። ሻጩ 28 ጫማ ሲላችሁ የኋላውን መሰላልና የብስክሌት መስቀያውን አልቆጠረ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያው አር ቪ መሰላሉ ወደ መተላለፊያው አንድ ጫማ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሲዞር አጣመመው። በሩ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይጨቀይ እንደሆነ፣ ባትሪ መሙያ ሶኬት መኖሩን ጠይቁ። የት እንደሚያድር ለኢንሹራንሳችሁም ንገሩ። ኪራይ ሳይከፈል ከቆየ መኪናውን በጨረታ መሸጥ የሚፈቅድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይሄኛውን እንኳ አንብቡት።

የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰፊ ነው፤ እዚያ ባቆመውስ? ይላሉ ሌላው።

እሁድ ለቅዳሴ ሲመጡ ማቆሚያ ፍለጋ ስንት ጊዜ ይዞራሉ?

አር ቪ ለመንዳት ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች መንጃ ፈቃድ፣ ያስፈልገኛል?

ለራስዎ ሽርሽር ከሆነ አያስፈልግም። በፎርድ ኢ-450 ላይ የሚሠራው ክላስ ሲ ከነጭነቱ 14,500 ፓውንድ ነው። አውቶቡስ የሚያክል፣ ከ26,000 ፓውንድ የሚበልጥ ከገዙ ግን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን የስቴትዎን ዲኤምቪ ይጠይቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ዝናብ ቢመጣ ከሰሉን ውስጥ አስገብተን፣ መስኮት ከፍተን ቡና ብናፈላ ምን ችግር አለው ይላሉ።

እናቴ፣ ይሞታሉ። መስኮት ቢከፈትም አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። አገር ቤት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። አር ቪ ከዚያ ክፍል ይጠባል። ቡናውን የጣሪያውን ማራገቢያ ከፍተው በጋዝ ምድጃው ያፍሉ። ዕጣኑ ውጭ ይጢስ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውን ቀን ይዩ፤ ጊዜው ካለፈ ይቀይሩት። ከጮኸ፣ ወይም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ሁላችሁም ውጡና 911 ደውሉ። የጋዝ መስመሩን ደግሞ የአር ቪ ቴክኒሻን ይፈትሸው። ዩቲዩብ ያየው የወንድምዎ ልጅ አይደለም፤ ቴክኒሻን።

በባልቲሞር አድርገን ፊላደልፊያ ልንሄድ ነው፤ መንገዱ ያስቸግራል?

መንገዱ ሳይሆን ዋሻው ነው የሚያስቸግረው። በአውራ ጎዳና 95ም ሆነ በ895 ላይ ባለው የባልቲሞር ዋሻ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን፣ የምድጃው ጋዝ፣ ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፤ የአር ቪ ሲሊንደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 30 ፓውንድ ነው። ድሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ እሱን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መርከብ ገጭቶ ጣለው። ስለዚህ ከተማውን በሚዞረው በ695 ምዕራባዊ በኩል ዙሩ። ስልካችሁ ዋሻ ውስጥ ግቡ ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

የመጨረሻው፦ ስቶሬጅ ባደረ አር ቪ ውስጥ ሽሮ ረስተን አይጥ ወረረን።

ሽሮ የማይወድ ማን አለ? ቧንቧ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ድፈኑ። ብርዱ ሳይመጣ ደግሞ የውኃ መስመሩን አፍስሳችሁ ለአር ቪ የተሠራውን ሮዝ አንቲፍሪዝ ጨምሩ፤ የመኪናው አረንጓዴ መርዝ ነው። ሽሮውን ጣሉት።